ባለባትሪው ቤዝ እና የሙሽሪት አባት ወንበር

ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 2017

ዛሬ ጾም ተያዘ። ይህን ደብተር የገዛሁት ወርክሾፑ የሚገቡ ሞተሮችን ልመዘግብበት ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ረዲ መዝገቡን በስልኩ መያዝ ስለጀመረ ባዶውን ቀረ። እንግዲያው የራሴን ጉድ ልጻፍበት። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈትቼ ሽቦውን እንደገና እየጠቀለልኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ እና ቤዝ ጊታር ልማር ነው። ሲጻፍ ያን ያህል አያስቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሔራን በዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 19፣ ታገባለች። እጮኛዋ ሰለሞን ዋጃ ከተማ አስተማሪ ነው። ሰርጉን የሚያደምቀው የፍቅሩ ባንድ ነው። ፍቅሩ ኪቦርድ ይጫወታል። ቤዝ የሚይዝለት ካሊድ ሚኒባስ መንዳት ጀምሮ ጥሎት ሄዷል። ትናንት ቅበላ ስንበላ "ቤዙን ማን ሊይዝልህ ነው?" አልኩት። "ኪቦርዱ አለ፣ በግራ እጄ እሠራዋለሁ" አለኝ። "እኔ እይዘዋለሁ" አልኩ። ከአፌ ወጣ። የጠጣሁት ሁለት ብርሌ ጠጅ ብቻ ነበር፣ ይመዝገብልኝ።

ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴ መሠረት ብቻ አልሳቀችም።

"ሙሽሮቹ ሲሸኙ አንተ የት ልትሆን ነው?"

"ባንዱ ጋ።"

"ልጅቱ የማንን ጉልበት ልትስም ነው? ማንስ ሊመርቃት?"

"ወንድምሽ ጌታሁን አለ አይደል? እሱ ይቀመጥልኝ። እሱ ሲመርቅ ያምርበታል።"

ትክ ብላ አየችኝና ሳህኑን ማንሳት ቀጠለች። ለልጄ ስጦታ ነው። አባት ለልጁ ስጦታ መስጠት አይችልም?

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ፍቅሩ ወርክሾፕ መጣ። ቁም ነገር ያዘለ ምክር ሰጠኝ፣ እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ። ጀማሪ ሁለት ነገር ያያል አለ። አንደኛ ክብደቱን፣ ሁለተኛ የውስጥ ዕቃውን። ባትሪ የሌለው አለ፣ ባትሪ ያለው አለ። "እርስዎ ትከሻዎ ደህና አይደለም። ቀላሉን ይያዙ። ባትሪ የሌለው ደግሞ ሰክተው መጫወት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።"

ትከሻዬን ማን ነገረው? መሠረት ናት። ግራ ትከሻዬ ያመመኝ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከጉድጓድ ፓምፕ ስናወጣ ነው። ትንሽ ነገር ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ጎብዬ ሄድኩ። የካሊድ ቤዝ እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ቀይ ነው፣ ጠርዙ ተፋፍቋል። "ይውሰዱት፣ ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት ይመልሱልኛል" አለኝ። ደግ ልጅ ነው። አውርጄ ሳንጠለጥለው ቀለለኝ፣ የምር ቀለለኝ። ነገር ግን እጄን ስለቀው አንገቱ ወደ መሬት ይደፋል፣ እንቅልፍ እንደያዘው ተማሪ።

ቆቦ ስመለስ በገበያው አለፍኩና ሽንኩርት ነጋዴዋን ሲቲን "መዝኝልኝ" አልኳት። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ማዳበሪያ አውርዳ ጊታሩን አጋደመችው።

"ሦስት ኪሎ ተኩል። አያ ካሳው፣ ቅጠሉን ልቁረጥልህ?"

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሔራንም በኋላ ሰምታ ሳቀች፣ እስከ ምሽት ድረስ እያስታወሰች ትስቅ ነበር።

ረዲ ዛሬ ረመዳን ጀመረ። እኔ ሁዳዴ፣ እሱ ረመዳን። ወርክሾፑ ውስጥ ከሞተሮቹ በቀር የጠገበ የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ሙከራ አደረግሁ። ሙያዬ ነውና በደንብ ነው ያደረግሁት። የጎብዬውን ቤዝ ከፈትኩት። ውስጡ ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፣ ያ ነው ድምፅ የሚሆነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ለማውጣት የጠቀለልኩት ሽቦ ዘፈንም ያወጣል! ማንም አልነገረኝም። ረዲን ጠርቼ አሳየሁት። "ሱብሐነላህ" አለ።

ከዚያ ከፍቅሩ በተዋስኩት ትንሽ አምፕሊፋየር ሰካሁት። ረዲ የጠገነውን ሞተር ሊፈትሽ ሲያስነሳው ቤዙ ውስጥ ንብ ገባበት። ዝዝዝዝ። ሞተሩ ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲነሳ ይነሳል። በቃ፣ ይህ አይሆንም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ደሴ ውስጥ ሙሀመድሰይድ የሚባል የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ አለ፣ የፍቅሩ ወዳጅ። ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አራት ቁልፍ ያለው፣ ባለባትሪ። "ሞተር አጠገብ ድምፅ አይበላሽበትም?" ብዬ ጠየቅሁት። "ጌታዬ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት" አለኝ። ይላክልኝ አልኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

መንገዱ ተዘግቷል አሉ። አልመጣም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

አልመጣም። ሰርጉ አርባ አንድ ቀን ቀረው። ጣቶቼ ገና ሀ ሁ ላይ ናቸው። ምን አስቤ ነው ቃል የገባሁት? መሠረት ድንኳን ስትከራይ፣ ሔራን ልብስ ስትለካ፣ እኔ የደሴ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። አባት ነኝ እኮ!

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

መጣ! ሲቲ ጋ ሄድኩ። አራት ኪሎ ከስምንት መቶ። "ይሄኛው ዝናብ ያገኘ ነው" አለችኝ።

ሁለቱን ወንበር ላይ አስደግፌ ሳስተያያቸው ዋልኩ። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ነው። ሚዛን ላይ ምንም አይደለም። ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል ግን ሰዓት በሄደ ቁጥር ይጨምራል፣ ሚዛኑ ግን ይህን አይናገርም። የጎብዬው ቀላል ሆኖ አንገቱ ስለሚደፋ ግራ እጄ ክር መጫኑን ትቶ አንገት ሲደግፍ ይውላል። የደሴው ከባድ ሆኖ ባስቀመጡት ይቀመጣል። ስለዚህ ቀላሉ ለትከሻ፣ ከባዱ ለእጅ ይመቻል ማለት ነው። ይህን ፍቅሩም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

የደሴው ከኋላው ትንሽ ክዳን አለችው። ስትከፈት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪና ከጥፍር የማይበልጡ ዕቃዎች የተደረደሩበት ሰርኪት። ድምፁን ገና ከጊታሩ ሳይወጣ ያጎላዋል። ወፍራሙን ድምፅ ለብቻ፣ ቀጭኑን ለብቻ ማስተካከያ ቁልፍ አለው። ሞተር አስነስቼ ሞከርኩት። ጸጥ! ንብ የለ፣ ዝንብ የለ።

ይሄን ያዝኩ።

ፍቅሩ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ጋሽ ካሳው፣ ሰርጉን ወርክሾፕ ውስጥ ነው እንዴ የሚደግሱት? ድንኳኑ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ማን ሊያስነሳብዎ ነው?"

ወደ ሞተሬ ዞርኩ። መልስ ስላጣሁ አይደለም፣ ሥራ ስለነበረኝ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

በየቀኑ ሁለት ሰዓት እለማመዳለሁ። ጾም ስለሆነ አምፕሊፋየር ላይ አልሰካም። ያልተሰካ ቤዝ ድምፁ በጣም ትንሽ ነው፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ብቻ ይሰማዋል። ያም ሆኖ ጎረቤታችን እማሆይ የሻረግ በአጥር በኩል "በሁዳዴ ዘፈን ተጀመረ?" አሉ። "አልተሰካም እማሆይ!" አልኳቸው። መሠረት ከጓዳ ሆና "እግዜር ለመስማት መሰካት ያስፈልገዋል?" አለች። ለአንድ ቀን ተውኩት፣ ከዚያ ቀጠልኩ።

አንድ ብልሃት አግኝቻለሁ። የሞተር ሰው ቀዳዳ ክፍት ትቶ አያድርም፣ የኛ አገር አቧራ የማይገባበት የለም። ስለዚህ የኬብሉን ጫፍ ጊታሩ ቀዳዳ ውስጥ እንደሰካሁ እተወዋለሁ፣ ሌላኛውን ጫፍ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ፍቅሩ እንኳ ይህን አላሰበም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ኢድ ነው። እኔ ጾም ላይ ስለሆንኩ ረዲ ቤት በጾም ወጥ ተስተናገድኩ፣ እናቱ ለብቻ ሠርተውልኝ ነበር። አላህ ይስጥልኝ።

ስመለስ ሔራን በሩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ስለ ልብሷ፣ ስለ ዋጃ፣ ስለ ሰለሞን እናት አወራችኝ። ከዚያ፦

"አባዬ፣ ያን ቀን ጉልበትህን የምስመው የት ነው? ቆመህ ነው?"

"አጎትሽ አለ አይደል? እኔ ከባንዱ ጋ ሆኜ አየሻለሁ። እንደውም ከዚያ በደንብ ነው የሚታየው።"

"እሺ" አለችና ገባች። እሺ ብላለች፣ ስለዚህ ተስማምታለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ትከሻዬ። ማንገቻው ሥር ፎጣ አጥፌ አደረግሁ፣ ትንሽ ይሻላል። የደሴውን ሳነሳ የጎብዬው ትዝ ይለኛል። መልሼዋለሁ፣ አልቋል።

ጌታሁን ዛሬ መጥቶ ወንበሩን መረጠ። ከሳሎን ትልቁን። ቁጭ ብሎ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጉልበቱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ "ይሄ ይበቃል" አለ። ደህና ሰው ነው። ለምን እንዳናደደኝ አላውቅም።

በኋላ ሔራን ለእናቷ ስትነግራት ሰማሁ፣ እንደሌለሁ መስሏቸው ነው። "ተዪው እማ፣ ደስ ካለው ይጫወት።" ድምፅዋ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። ጉንፋን ይሆናል። ሰሞኑን የማይስል የለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

አራት ዘፈን ቻልኩ። አምስተኛው፣ የመሸኛው፣ ገና ይደናቀፋል።

የሰርግ ጥሪ ላደርስ ስዞር የድሮ ሰዎች አገኘሁ። ታናሽ እህቴ የተዳረችበትን ዓመት አነሱብኝ። ያኔ አባታችን ስለሌለ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እህቴ ጉልበቴን ስትይዝ አለቀስኩ። ትንሽ አይደለም ያለቀስኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆቦ ውስጥ "ዝናቡ" ነበር ስሜ። ሽቦ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ ጃንጥላ ይዘረጋ ነበር። ስናወራ ሳቅን። ይህ ከቤዙ ጋር አይገናኝም፣ ስላስታወስኩት ነው የጻፍኩት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

እንኳን አደረሰን! ተፈሰከ፣ ዶሮ ተበላ፣ እና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንዱ ጋ ሞንታርቦው ላይ ተሰክቼ ተጫወትኩ።

እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሁለት ወር ሙሉ በጆሮዬ ብቻ የሰማሁት ነገር በደረቴ ገባ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ከበሮው ሲመታ እኔ እኩል ስወርድ ከሰፈሩ ልጆች አንዷ ብቻዋን እስክስታ ጀመረች። ፍቅሩ ኪቦርዱን ትቶ ዞሮ አየኝ። "ጋሽ ካሳው፣ ይሄን ከየት አመጡት?" አለኝ። ጉንጬ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ጊታሩ ምንም አልከበደኝም።

ፍቅሩ መለዋወጫ ባትሪ ይግዙ ብሎኛል። ነገ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ድንኳን ተተከለ። በሬው ታረደ። በርበሬው አነሰ አሉ፣ ተበደርን። ጄኔሬተር መጣ። ሔራን እጇን ሂና ተቀብታ መጥታ አሳየችኝ፣ ያምራል አልኳት። ሌላም ነገር ልላት ነበር፣ ሰው ጠራኝ። ባትሪ አልገዛሁም፣ ቢሆንም የውስጡ ደህና ይሠራል።

ነገ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ወርክሾፑን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፣ ሥራ ግን አልጀመርኩም። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ሙሽራው ከነአጃቢዎቹ በስድስት ሰዓት ደረሰ። ምሳው ተበላ። ባንዱ ተነሳ፣ እኔም በሱፌ ላይ ቤዜን አንጠልጥዬ፣ ፎጣዬን ከኮቴ ሥር ሸጉጬ ቆምኩ። ፉጨት፣ እልልታ፣ ሳቅ! ሲቲ ከሴቶቹ መሃል ሆና "ስንት ኪሎ ነው?" ብላ ጮኸች። አንደኛው ዘፈን ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳትኩ። የዋጃ ሰዎች "የሙሽሪት አባት ነው እኮ!" እየተባባሉ በስልክ ይቀርጹኛል። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አራተኛው ላይ ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ ሻከረ፣ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው። ቁልፎቹን አዞርኩ። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ። አራተኛው ሲያልቅ ቤዙም አብሮ አለቀ።

"ባትሪ ነው" አለ ፍቅሩ። "ሲጫወቱ ብቻ ነው የሚሰኩት አይደል?"

"አቧራ እንዳይገባበት ሁልጊዜ እሰካዋለሁ።"

ፍቅሩ ዓይኑን ጨፈነ። ለካ ባትሪው የሚበራውና የሚጠፋው በኬብሉ ነው። ሌላኛው ጫፍ የትም ባይሰካ፣ መብራት ኖረ አልኖረ፣ ጊታሩ ቀዳዳ ውስጥ ኬብል ካለ ባትሪው ቀንና ሌት ይሠራል። ከአንድ ወር በላይ ስከላከለው የከረምኩት አቧራ ባትሪዬን በላው። ሠላሳ ዓመት በኤሌክትሪክ የኖርኩ ሰው ነኝ!

ሙሽሮቹ ለመሸኘት ተነሱ። ፍቅሩ ቤዙን በግራ እጁ ኪቦርዱ ላይ ያዘና የመሸኛውን ዘፈን ጀመረ። ማንም ምንም አልጎደለበትም።

ያን ጊዜ ረዲ በሰው መሃል ተሽሎክልኮ መጣ። "ጋሼ፣ ሽቦ የምንፈትሽበት ቴስተራችን ውስጥ ያለው ባትሪ እኮ ያው ነው! የወርክሾፑን ቁልፍ ይስጡኝ፣ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አልፈጅም ወላሂ።"

እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ያዘ። ቀና ስል ሔራን የእናቷን ጉልበት ስማ ተነስታለች። ጌታሁን በወንበሩ ላይ ጋቢውን እያስተካከለ ነው። ልጄ ወንበሩ ፊት ደርሳ ቆመች፣ አልተንበረከከችም። ወደ ባንዱ ዞረች። አልተቆጣችም፣ አልጠራችኝም። አየችኝ ብቻ።

"ተወው" አልኩት ረዲን።

ጊታሩን ሳወርደው ትከሻዬ እፎይ አለ። ያን ሁሉ ኪሎ የተሸከምኩት ከዚያ ወንበር ለመሸሽ እንደነበር ያኔ ገባኝ። መሠረት ግን ከቅበላ ጀምሮ ገብቷታል። ድንኳኑን አቋርጬ ሄድኩና "ጌታሁን ወንድሜ፣ ተነስልኝ" አልኩት። ቶሎ ተነሳ፣ እግዜር ይስጠው፤ ጋቢውንም አውልቆ አለበሰኝ።

ተቀመጥኩ። ልጄ ተንበርክካ ሁለቱን ጉልበቶቼን አቀፈች። ግንባሯ ሲነካኝ አፌን ከፈትኩ። "እግዚአብሔር..." አልኩ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አልመጣልኝም። አለቀስኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ነበር፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ የዋጃ ሰው ስልኩን ደግኖ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስኩ። ምርቃቱ ያለቀ የመሰላቸው ሽማግሌዎች "አሜን!" አሉ። ሰዉም ተከትሎ "አሜን!" አለ። እልልታው ቀለጠ፣ ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ሊያነሷት ጎንበስ አሉ።

ሔራን አልተነሳችም።

"ገና አልመረቅከኝም" አለችኝ በቀስታ፣ ፊቷን ከጉልበቴ ሳታነሳ። "ጨርስልኝ አባዬ። አልቸኩልም።"

ውጭ የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። እጄን ራሷ ላይ አድርጌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። እኔም አልቸኮልኩም።